የጥናት ልማድና የጋራ ኑሮ፤ ከቆሎ ተማሪ ጎጆ እስከ ዛሬው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

መግቢያ

ስለ ተማሪዎች ጥናት በመምህራን መካከል ውይይት በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ወቀሳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው ሰንፏል፤ መጽሐፍ አይገልጥም፤ ፈተና ሲቃረብ ብቻ ይራወጣል፤ ሳይሆንለት ሲቀር ወደ ኩረጃ ይሄዳል ይባላል። ወቀሳው ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጥናትን የአንድ ልጅ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ስለሚመለከት መፍትሔውንም በምክርና በተግሣጽ ብቻ እንድንፈልግ ያደርገናል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ስንመረምር ጠንካራ የጥናት ልማድ በታየበት ቦታ ሁሉ ከተማሪው ጀርባ የቆመ አንድ ማኅበር እናገኛለን። ማኅበሩ ለተማሪው ሦስት ነገሮችን ይሰጠው ነበር። እነርሱም የታወቀ የጥናት ሰዓት፣ ለጥናት የተለየ ቦታና ያጠናውን የሚሰማለት ሰው ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በተሟሉበት ጊዜ መካከለኛ ችሎታ ያለው ተማሪም ያጠና ነበር፤ በጎደሉበት ጊዜ ግን ጎበዙም ተቸግሯል። ይህንን ለማስረዳት ከጥንቱ ትምህርት ቤት ተነሥተን እስካለንበት ዘመን እንዘልቃለን። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጥንቱ ትምህርት ቤት

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ አልፎ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ በላይ ያለው የዜማ፣ የቅኔ፣ የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ግን ብዙውን ጊዜ ከአገር ወጥቶ መሄድን የሚጠይቅ ነበር። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ስመ ጥር መምህር አለበት ወደተባለው ደብር ይጓዛል። እዚያም ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር ጎጆ ይቀልሳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ውሃ ይቀዳል፤ በየመንደሩ እየዞረ የዕለት ምግቡን ይለምናል። የቆሎ ተማሪ የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ኑሮ ነው። ይህ ሥርዓት ዛሬም በየገዳማቱና በየአድባራቱ አለ።

የቆሎ ተማሪ ኑሮ በውሻ ንክሻ፣ በረኃብና በተስቦ የተፈተነ መሆኑን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልናተኩርበት የሚገባው ግን የጥናቱ አደረጃጀት ነው። መብራት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ሌሊቱ ለቃል ትምህርት፣ ቀኑ ለመጽሐፍ ትምህርት የተመደበ ነበር። ተማሪዎቹ በጨለማ ተቀምጠው የተማሩትን በቃላቸው ሲያወርዱ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል። አንድ መምህር ብዙ ተማሪዎች ሲኖሩት ሁሉንም በየቀኑ ለመስማት አይችልም። ስለዚህ ወደ ፊት የገፋው ተማሪ ከኋላው ያለውን ያስቀጽላል፤ እርሱም በተራው ከበላዩ ካለው ይማራል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ ተማሪም መምህርም ነበር።

የቅኔ ቤትን የዕለት ሥርዓት ደግሞ ለብቻው መመልከት ይጠቅማል። በብዙ ቅኔ ቤቶች ማታ ማታ መምህሩ ሰዋስዉንና የቅኔውን ምሥጢር ያስረዳል፤ ግስ ይወርዳል። በነጋው ተማሪው ከጓደኞቹ ገለል ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ፣ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ከዚያ በኋላ የቆጠረውን ይዞ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይነግራል። የተበላሸው ይታረማል፤ የሠመረው ይመሰገናል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረዣዥሞቹ የቅኔ ዓይነቶች ያድጋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይፈቀድም፤ በየቀኑ አዲስ መፍጠር ግዴታ ነው።

እንግዲህ የጥንቱ ትምህርት በጠቅላላው ሽምደዳ ነበር የሚለው አነጋገር የቅኔ ቤትን አይመለከትም ማለት ነው። እዚህ ላይ ሦስት ደረጃ ያለው የጥናት ሥርዓት እናያለን። መጀመሪያ በጋራ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ለብቻ መድከም፣ በመጨረሻም ሰሚ ባለበት መናገርና መታረም ነው። ይህን ቅደም ተከተል አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በእስልምና ትምህርትም ተመሳሳይ ልማድ ነበረ፤ አለም። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማና በሌሎችም ስፍራዎች ልጆች በእንጨት ሉህ ላይ የተጻፈላቸውን የቁርአን አንቀጽ አጥንተው በመምህሩ ፊት ካሰሙ በኋላ ሉሁ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ከፍ ያለ ትምህርት የሚፈልገው ደረሳ ዝነኛ ሼኽ ወዳለበት አገር ይሄዳል፤ የአካባቢው ሕዝብም ያበላዋል። ነባሩ ደረሳ አዲሱን ያስቀራል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በትምህርታቸው ይዘት ቢለያዩም በአጠናን ሥርዓታቸው ይቀራረባሉ።

ይህን ስንል የጥንቱን ትምህርት እንከን የለሽ ለማድረግ አይደለም። ልምጭና እግር ብረት የነበረበት፣ ሴቶች ልጆች እምብዛም ያልተካፈሉት፣ የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት የጎደለው ነበር። ሆኖም ተማሪው ብቻውን አልተተወም።

የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ዘመን

ዘመናዊው ትምህርት በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ ጅምር ገና ሥር ሳይሰድ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ መጣ። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ጭፍጨፋና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የተማሩ ወጣቶች እየተለዩ ተገደሉ።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አገሪቱ የተማረ ሰው በብርቱ ያስፈልጋት ነበር። በመሆኑም በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1946 የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ያገኘው ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ነበር። ኮሌጁን ያደራጁት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ቀደም ሲል የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች አዳሪ ተማሪዎችን ይቀበሉ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየጠቅላይ ግዛቱ ባልነበረበት ጊዜ ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ ወይም ከሐረርጌ የተመረጠ ልጅ መኝታና ምግብ ካላገኘ መማር አይችልም። ውጤቱ ግን ከመኝታና ከምግብ አልፎ ሄደ። የአዳሪው ቀን በደወል የተከፋፈለ ነበር። መነሻው፣ ቁርሱ፣ ትምህርቱ፣ ስፖርቱ፣ እራቱና የምሽት ጥናቱ ሁሉ የታወቀ ሰዓት ነበረው። በምሽት ጥናት ሰዓት ሁሉም በአንድነት ይቀመጣል፤ ተረኛ መምህር ወይም ከፍ ባለ ክፍል ያለ ተማሪ ይቆጣጠራል። ያልገባው ከጎኑ ያለውን ይጠይቃል። የክርክር ማኅበር፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ ድራማና የስፖርት ቡድን የትምህርቱ አካል ነበሩ። ከተለያየ ጠቅላይ ግዛት የመጡ፣ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆችም በአንድ ገበታ እየበሉ ተዋወቁ።

ከቆሎ ተማሪው ጎጆ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ብዙ ነው። በልመና ፈንታ የመንግሥት በጀት፣ በግእዝ ፈንታ እንግሊዝኛ፣ በሌሊት ጨለማ ፈንታ የኤሌክትሪክ መብራት ገብቷል። ሦስቱ መሠረታውያን ነገሮች ግን አልተለወጡም፤ ሰዓቱም፣ ቦታውም፣ ሰሚውም ነበሩ።

ይህ ሁኔታ በጎረቤቶቻችንም የታየ ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1926 በኪኩዩ የተቋቋመው አሊያንስ ትምህርት ቤት በዚሁ በአዳሪነት ሥርዓት የታወቀ ሲሆን፣ ከነፃነት በኋላ አገሪቱን ከመሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ከባድ ጉድለትም ነበረው። የሚያስተናግደው በጣም ጥቂቶችን ብቻ ነበር። እነዚያንም ከወላጆቻቸው ኑሮ ያርቃቸዋል። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 «ትምህርት ራስን ለመቻል» በሚል ርእስ ባወጡት ጽሑፍ አጥብቀው የነቀፉት ይህንኑ ነበር። ትምህርት ቤት ተማሪውን ከኅብረተሰቡ መለየት የለበትም፤ ራሱ እርሻ ያለው፣ የሚሠራ ማኅበር መሆን ይገባዋል ብለዋል።

ተማሪው ወደ ሕዝቡ ሲሄድ

በእኛም አገር ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ። ከአብዮቱ በኋላ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በሶማሊያም እ.ኤ.አ. በ1972 ቋንቋቸው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ከተወሰነ በኋላ፣ በ1974 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከ20,000 በላይ ተማሪዎችና መምህራን አርብቶ አደሩን ፊደል ለማስቆጠር ተሰማርተዋል። ሁለቱ ዘመቻዎች በአንድ ዓመት ውስጥ መዋላቸው የዘመኑን መንፈስ ያሳያል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ተማሪዎችን በአስተማሪነት አሰልፏል። በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች ሰፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጠው። በየቀበሌው አዳራሽና በየዛፉ ጥላ ሥር አዛውንትን ያስተማረ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት አንድ ነገር ሳይማር አልተመለሰም። ያልተረዱትን ነገር ለሌላ ማስረዳት እንደማይቻል በተግባር አየ። የቆሎ ተማሪው ለዘመናት ሲያውቀው የኖረው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን በታሪክ ጽሑፍ መልካሙን ብቻ መርጦ ማውራት ተገቢ አይሆንም። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ምክንያት የብዙዎች ትምህርት ተቋረጠ። ከዚህ የከፋው ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የደረሰው ነው። ሦስትና አራት ወጣቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው መታየታቸው ራሱ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ሆነ። መጽሐፍ የሚቀበርበት፣ የሚቃጠልበት ወቅት ነበር። በየትምህርት ቤቱ ብዙ ወንበሮች ባዶ ቀሩ። የጥናት ማኅበር የሚቆመው በመተማመን ላይ ነው፤ መተማመን ሲጠፋ ልጆች ወላጆቻቸው እንዳዘዟቸው በየቤታቸው ተዘግተው ቀሩ። የተማሪ ማኅበራዊ ኑሮ በአንድ ትውልድ ላይ ምን ያህል እንደተጎዳ ስናስብ ይህን መዘንጋት አይገባንም።

ፈረቃና የኪራይ ቤት

በዚያው ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁጥር በየአውራጃው እያደገ ሄደ። ብዙ ልጆች የትምህርት ዕድል ማግኘታቸው ትልቅ እርምጃ ነው። ሕንፃና መምህር ግን በዚያው መጠን አላደጉም። ስለዚህ ፈረቃ ገባ፤ በአንድ ክፍል ሰማንያና ከዚያም በላይ ተማሪዎች መቀመጣቸው የተለመደ ሆነ። የነባሮቹ ትምህርት ቤቶች አዳሪነትም ቀረ። የዊንጌት ግቢ ዛሬ የፖሊ ቴክኒክ ማሠልጠኛ ነው።

ፈረቃ ማለት ተማሪው ግማሽ ቀን ከትምህርት ቤት ውጭ ይሆናል ማለት ነው። ቀድሞ ማኅበሩ ይሸከማቸው የነበሩት ሦስቱ ነገሮች በዚህ ጊዜ በወላጅና በልጁ ትከሻ ላይ ወደቁ። ቤቱ ጠባብ ለሆነበት፣ ወላጆቹ ማንበብ ለማይችሉለት ልጅ ሰዓቱም፣ ቦታውም፣ ሰሚውም በአንድ ጊዜ ጠፉ። የሴት ተማሪ ሸክም ደግሞ የበለጠ ነው። ወንድሟ ከትምህርት መልስ ደብተሩን ሲገልጥ እርሷ ውሃ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ታናናሾቿን ትጠብቃለች።

ሆኖም ተማሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የማትሪክ ፈተና በተቃረበ ቁጥር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ልጆች በመንገድ መብራት ሥር ቆመው ሲያነቡ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በዛፍ ጥላ ሥር ተበታትነው ሲያጠኑ ይታዩ ነበር። ቤት ያልሰጣቸውን ቦታ ራሳቸው ፈለጉት ማለት ነው።

ከዚህም የበለጠ ልንመለከተው የሚገባን የገጠር ተማሪዎች የኪራይ ቤት ኑሮ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ የሚመጡ ልጆች ሦስት ወይም አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደየአገራቸው በእግር ይሄዱና እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፤ እንጀራው፣ ድርቆሹ፣ በሶው፣ ሽሮው በእናት እጅ የተዘጋጀ ነው። ምግብ በተራ ያበስላሉ፤ የቤት ኪራይና የላምባ ያዋጣሉ። በአንዲት ኩራዝ ዙሪያ ስለሚቀመጡ ሁሉም በአንድ ሰዓት ለማጥናት ይገደዳሉ። ብቻውን ቢሆን በጊዜ የሚተኛው ልጅ ጓደኛው ሲያነብ ሲያይ እርሱም ይነቃል። በሒሳብ የበረታው በእንግሊዝኛ የበረታውን ያግዛል። ማንም ሳያዛቸው የቆሎ ተማሪውን ጎጆ እንደ ገና ቀለሱት ማለት ይቻላል።

ይህ ኑሮ ዛሬም በየወረዳው ከተማ አለ። ከላምባ ይልቅ የኤሌክትሪክ አምፖልና የእጅ ስልክ መብራት በዝቷል እንጂ ስንቁና ኪራዩ ያው ነው። ችግሩም ቀላል አይደለም። ስንቅ በመንፈቅ ሳምንት ያልቃል፤ ከወላጅ ርቆ የሚኖር ልጅ ለመጥፎ ልማድ፣ ሴቷም ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። ትምህርት ቤቱ እነዚህን ልጆች የት እንደሚኖሩ እንኳ ሳይጠይቅ አራት ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ፈተናው የነገረን

ሰዓት፣ ቦታና ሰሚ የሌለው ተማሪ ሁለት መንገዶች ይቀሩታል። አንደኛው በመጨረሻው ሳምንት መሸምደድ ነው። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳሉት ፈተናው ሲያልፍ ትምህርቱም አብሮ ያልፋል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ምርምር አንድ ጊዜ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በተራራቁ ጊዜያት ሲደጋገም ግን እንደሚጸና አሳይቷል። ሁለተኛው መንገድ አጤሬራና ኩረጃ ነው። ነገሩ እየከፋ ሄዶ በግንቦት 2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ እስከ መሰረዝ ደረሰ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ የተሸፈነው ተገለጠ። ከተፈተኑት ውስጥ ሃምሳ ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዙር 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። በመጀመሪያው ዙር ከሺህ በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ተማሪዎቻቸውን በሙሉ ወይም በአብዛኛው ካሳለፉት ጥቂቶች መካከል ግን ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ታይተዋል።

እርግጥ እነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በውጤት መርጠው የሚቀበሉ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ ከአዳሪነት የመጣ ነው አንልም። የመምህራን እጥረት፣ የመጻሕፍት አለመዳረስ፣ በየአካባቢው የደረሰው ጦርነትና መፈናቀልም በውጤቱ ላይ ከባድ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ጎበዝ ልጅ እንኳ የሚጎብዘው ሰዓት፣ ቦታና ሰሚ ሲያገኝ መሆኑን ታሪካችን ደጋግሞ አስመስክሯል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በ2000ዎቹ ዓመታት በየትምህርት ቤቱ የአንድ ለአምስት ቡድን ተደራጅቶ አልነበረምን? ለምን ውጤት አላመጣም? በብዙ ስፍራ የሆነው የሚከተለው ነው። ቡድኑ የተመሠረተው በትእዛዝ፣ ስሙ የሚሞላውም ለሪፖርት ነበር። ሰዓትና ቦታ አልተመደበለትም። ከሁሉም በላይ የቅኔ ቤቱ ቅደም ተከተል ተገለበጠ። አንዱ ጎበዝ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ አምስቱ ይገለብጣሉ። ለብቻ መድከም የሚባለው ደረጃ ስለተዘለለ ቡድኑ የጥናት ማኅበር መሆኑ ቀርቶ የኩረጃ ማኅበር ሆነ። ጉድለቱ ከአብሮ ማጥናት ሳይሆን ከአደረጃጀቱ ነበር።

ምን ማድረግ ይቻላል?

በየወረዳው አዳሪ ትምህርት ቤት ለመሥራት አቅማችን አይፈቅድም። ነገር ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ይሰጣቸው የነበሩትን ሦስት ነገሮች ያለ መኝታ ቤት መስጠት ይቻላል።

አንደኛ፣ ቦታ። በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት ውስጥ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ በሥራ ቀናት ደግሞ አመሻሹ ላይ ባዶ የሚሆኑ ክፍሎች አሉ። ቤተ መጻሕፍቱም ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ተማሪው ነፃ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ሁለት ክፍሎችን ለጥናት መክፈት ከወላጅና መምህራን ኅብረት ጋር ተመካክሮ ተረኛ ጠባቂ ከመመደብ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። ተማሪው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ እንዲያጠና ይልመድ። በዕለቱ የተማረውን በዚያው ቀን፣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም በሳምንቱ ይከልስ። ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ መከለስ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ከመንቃት ይበልጣል። ለሴት ተማሪዎች ሰዓቱ የሚገኘው ወላጆች ሲስማሙ ስለሆነ በወላጆች ስብሰባ ላይ ከመዋጮው ጉዳይ አስቀድሞ ይህ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ ሰሚ። የጥናት ጓድ ከሦስት እስከ አምስት ተማሪዎች ይኑሩት፤ አባላቱንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይምረጡ። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም ብቻውን ሳይሞክር ወደ ጓዱ አይምጣ። መጽሐፉን ዘግቶ ያጠናውን በራሱ አነጋገር ያስረዳ፤ ሌሎቹ ይጠይቁት፤ የሒሳቡን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ በሰሌዳ ላይ ይሥራ። ሁሉም ያልቻሉት ጥያቄ ብቻ ተመዝግቦ ለመምህሩ ይቅረብ። እንዲህ ሲሆን ሰማንያ ተማሪ ያለበት መምህር ሰማንያ ደብተር ከማገላበጥ ይልቅ የት ላይ እንደተደናቀፉ በአንድ ገጽ ያገኘዋል።

አራተኛ፣ የታላቅና የታናሽ ግንኙነት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ቢያስጠና ሁለቱም ይጠቀማሉ። ታናሹ የሚጠይቀው ሰው ያገኛል፤ ታላቁም የረሳውን የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ለብሔራዊ ፈተና ይከልሳል።

አምስተኛ፣ በኪራይ ቤት የሚኖሩትን ማወቅ። የክፍል ኃላፊ መምህራን በመስከረም ወር ከወላጅ ርቀው የሚኖሩትን ተማሪዎች ይመዝግቡ፤ በመንፈቅ አንድ ጊዜ እንኳ ቤታቸውን ይጎብኙ። የአካባቢው ሕዝብ የቆሎ ተማሪውንና ደረሳውን ሲያበላ የኖረ ሕዝብ ነው። ለእነዚህ ልጆች አንድ ኩንታል እህል ወይም አንዲት ክፍል ለመስጠት የሚጠይቀው ይፈልጋል እንጂ ልቡ አይጨክንም።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው የአገራችን ተማሪ በደበሎም ሆነ በደንብ ልብስ፣ በጨለማም ሆነ በመብራት ሥር፣ ያጠናው ከሌሎች ጋር ሆኖ ነው። ይህ ማለት ግን ለብቻ መድከም አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቅኔ ቤት እንዳስተማረን ቆጠራው የግል ነው፤ ነገራው ግን ሰሚ ይሻል። ተማሪዎች ሆይ፣ የመጀመሪያው የእናንተ ድርሻ ነው፤ ማንም ሊሠራላችሁ አይችልም። ሁለተኛው ግን የእኛም የመምህራን፣ የወላጆችና የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና፣ ለአንድ ልጅ የከበደውን ሸክም በትምህርት ቤታችን ለመከፋፈል በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ አድርገን እንነጋገርበት። መነሻውም የጥናቱን ክፍል ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፍተው መወሰን ይሁን።